«ጥያቄ ከሆነ ዲድ ይግባበት» ያላችሁን ሰው አትስሙት

እንግሊዝኛ ሳስተምር እንደ «ዋት ዲድ ሃፕን?» የሚያበሽቀኝ ነገር የለም። ሰነፍ ተማሪ ቢለው እተወው ነበር። የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ጎበዙ ነው፤ ሕጉን የሸመደደው፣ ደብተሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ያሰመረበት። ምን ያድርግ? የተሰጠው ሕግ ግማሽ ነው። በየክፍሉ የሚገጥሙኝን እንዲህ ያሉ ግማሽ ሕጎች ላንሳ፤ ከዋናው ልጀምር።

«ማንኛውም ጥያቄ ዱ፣ ደዝ ወይም ዲድ ያስፈልገዋል»

አያስፈልገውም። ዲድ የሚገባው ስለ ተሳቢው ወይም ስለ ጊዜ፣ ስለ ቦታ፣ ስለ ምክንያት ስንጠይቅ ነው። የማናውቀው ባለቤቱን ከሆነ፣ ማለትም ድርጊቱን ማን እንደፈጸመው ከጠፋን፣ የጥያቄው ቃል በባለቤቱ ወንበር ይቀመጥና ዓረፍተ ነገሩ እንዳለ ይቀጥላል። «ሰምዋን ብሮክ ዘ ዊንዶው» የነበረው «ሁ ብሮክ ዘ ዊንዶው?» ይሆናል። አለቀ። «ዋት ሃፕንድ?»፣ «ዊች ባስ ጎዝ ቱ ፒያሳ?»፣ «ሃው ሜኒ ስቱደንትስ ፓስድ?» ሁሉም እንዲሁ ናቸው።

«ይሄ ለአማርኛ ተናጋሪ ይከብዳል» የሚሉኝ አሉ። እንዲያውም ልዩነቱን በአማርኛ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንለየው ኖረናል። «ማን መታህ?» እና «ማንን መታህ?» የሚሉትን ተመልከቱ። ግሱ በጽሑፍም በድምፅም አንድ ነው። ልጃችሁ እያለቀሰ ከትምህርት ቤት ሲመጣ የመጀመሪያውን ትጠይቁታላችሁ፤ «ወላጅ ይዘህ ና» ተብሎ ሲመጣ ደግሞ ሁለተኛውን። መቺና ተመቺ ቦታ የሚለዋወጡት በአንዲት «ን» ነው። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያው «ሁ ሂት ዩ?» ነው፣ ሁለተኛው «ሁ ዲድ ዩ ሂት?»። አማርኛ በ«ን» የሚለየውን እንግሊዝኛ በዲድና በቃላቱ ቅደም ተከተል ይለየዋል። «ን» የሌለበት ቦታ ዲድ አትጨምሩ ስል የሚስቁ ተማሪዎች አሉ፣ ግን «ማን» ላይ በደንብ ይሠራል።

«ምን» ላይ ሲደርስ ነው ነገሩ የሚደናገረው፣ ምክንያቱም እዚያ «ን»ን ብዙ ጊዜ አንናገራትም። «ምን አመጣህ?» ሁለት ጥያቄ ነው። ልጅ አባቱን ከገበያ ሲመለስ «ምን አመጣህ?» ይለዋል፤ ብርቱካን ወይም ሙዝ ይጠብቃል። ያልታሰበ እንግዳ በር ላይ ሲቆም የሚባለውም «ምን አመጣህ?» ነው፤ ለዚህኛው ብርቱካን መልስ አይሆንም። እኛ በሁኔታውና በድምፁ ቃና እንለየዋለን። እንግሊዝኛው ግን «ዋት ዲድ ዩ ብሪንግ?» ወይስ «ዋት ብሮት ዩ ሂር?» ብሎ ያስመርጣል። ስለዚህ «ምን» ያለበትን ጥያቄ ወደ እንግሊዝኛ ከመውሰዳችሁ በፊት ድርጊቱን የሚሠራው «ምን» የተባለው ነገር ነው ወይስ ሰውየው ብላችሁ ጠይቁ።

ስህተቱ የሰዋስው ፈተና ነጥብ ብቻ ያስጥላል የሚል ካለ የአንዷን ተማሪዬን ጉዳይ ልንገረው። ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ትሠራለች። አንድ እንግዳ ሌሊት ክፍሉ ተደውሎ እንቅልፍ እንደነሱት ሊያመለክት ይወርዳል። ማን እንደደወለለት ልታጣራ ፈልጋ «ሁ ዲድ ዩ ኮል?» አለችው። ያ ግን «ለማን ደወልክ?» ማለት ነው። ሰውየው ለማን እንደምደውል አንቺን ምን አገባሽ ብሎ ጮኸ። ለእኔ ስትነግረኝ «አንድ ባለጌ ፈረንጅ» ብላ ነው የጀመረችው። «ሁ ኮልድ ዩ?» ብትል ኖሮ ጠቡ አይነሳም ነበር።

ለምን እንዲህ ሆነ ለሚል፦ አማርኛ የጥያቄውን ቃል ከቦታው አያነሳም። «ሳራ ሚኪን ጠራች» ካልን «ሳራ ማንን ጠራች?» ብለን በሚኪ ቦታ እንጠይቃለን። እንግሊዝኛ ግን የጥያቄውን ቃል ጎትቶ ፊት ያስቀምጠዋል። ተሳቢው ፊት ሲመጣ ባለቤቱ ከኋላው ይቀራል፣ በመካከላቸውም ረዳት ግስ ይቆማል፤ ሌላ ረዳት ከሌለ ያ ረዳት ዲድ ነው። የጥያቄው ቃል ራሱ ባለቤት ከሆነ ግን ድሮውንም ፊት ነው፣ የሚገለበጥ ነገር የለም።

አንድ ተማሪ ደግሞ በ1611 የታተመውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞብኝ መጣ። ዮሐንስ 18 ላይ «ማንን ትፈልጋላችሁ?» የሚለው እዚያ «ሁም ሲክ ዪ?» ነው፤ ተሳቢ እየተጠየቀ ዱ የለም። ትክክል ነው፣ የዚያን ዘመን እንግሊዝኛ ያለ ዱ መጠየቅ ይችል ነበር። የዛሬው አይችልም፤ «ሁም ዱ ዩ ሲክ?» ማለት ግድ ነው። እንዲህ የሚከራከር ተማሪ ይብዛልኝ።

ኳስ ወዳዶቹን ግን አልምራቸውም። ሁስኮርድ የሚባለውን የእግር ኳስ ድረ ገጽ ቀኑን ሙሉ ከፍተው እየዋሉ «ሁ ዲድ ስኮር?» ብለው ይጽፉልኛል። የድረ ገጹ ስም ራሱ ትክክለኛው የባለቤት ጥያቄ ነው! «ሁ ስኮርድ?»፣ «ሁ ዎን?»፤ በዓይናችሁ ሥር ነው ያለው።

ልምምዱ ቀላል ነው። ሁለት ስም ያለበት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «ሳራ ኮልድ ሚኪ»። ሳራን በጣት ሸፍኑና ስለ ሸፈናችሁት ጠይቁ፦ «ሁ ኮልድ ሚኪ?»። ጣታችሁን ወደ ሚኪ አዙሩ፦ «ሁ ዲድ ሳራ ኮል?»። ጮክ ብላችሁ በሉት፤ በጽሑፍ ብቻ የተለማመደ ሰው አፉ ላይ ይያዛል። መልሱንም ጨምሩበት። ለመጀመሪያው «ሳራ ዲድ» ማለት ይቻላል፤ ለሁለተኛው «ሚኪ» ብቻ ነው። ሚኪ ማንንም አልጠራምና «ሚኪ ዲድ» ብትሉ ውሸት ነው። በስልክም፣ በሥራ ቃለ መጠይቅም ከሕጉ በፊት ይህ ልማድ ይደርስላችኋል። ግሶቹን ቀያይሩ፦ ሄልፕ፣ ሲ፣ ፔይ፣ ኢንቫይት።

«እሺ፣ የባለቤት ጥያቄ ውስጥ ዲድ በፍጹም አይገባም»

የመጀመሪያውን ሲያርሙ ወደዚህ የሚወድቁ አሉ። አሉታ ሲሆን ይገባል፦ «ሁ ዲድንት ካም?» ትክክል ነው። አጽንዖት ሲኖርም እንዲሁ። ሁሉም «እኔ አልሰበርኩም» ብሎ ሲምል «ሶ ሁ ዲድ ብሬክ ኢት?» ይባላል፣ ዲድ ላይ ረገጥ ተደርጎ። «ታዲያ ማነው የሰበረው?» እንደማለት ነው። ያለ ምክንያት ግን አትርገጡ።

«ሁ ለባለቤት፣ ሁም ለተሳቢ ስለሆነ ‘ሁ ዲድ ዩ ሲ?’ ስህተት ነው»

አይደለም። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚናገረው። ሁም መደበኛ ደብዳቤ ላይና ከመስተዋድድ ቀጥሎ ሲመጣ ያምራል። ካፌ ውስጥ ቡና እየጠጣችሁ ሁም ሁም አትበሉ።

«ጥያቄ በመስተዋድድ አያልቅም»

ያልቃል። «ሁ ዲድ ዩ ጎ ዊዝ?»

«ብዙ ሰው ከጠበቅን ከሁ በኋላ ግሱ ብዙ ቁጥር ይሁን»

መልሱ አሥር ሰው ቢሆንም «ሁ ሊቭስ ሂር?» ነው። «ሃው ሜኒ ፒፕል» ካላችሁ ግን «ሊቭ» ይሆናል።

«ዲድ ካለ ግሱም ኃላፊ ይሁን»

«ዋት ዲድ ዩ ብሮት?» የሚል ሰው ኃላፊውን ሁለት ጊዜ ከፈለ። ዲድ አንዴ ከፍሎለታል፤ «ብሪንግ» ይበቃል።

«ኢዝ እና ካን ያሉበትም በዲድ ይጠየቃል»

እነሱ ራሳቸው ይገለበጣሉ። «ሁ ካን ሄልፕ ዩ?» እና «ሁ ካን ዩ ሄልፕ?» የሚለያዩት በዩ ቦታ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው አንተን ማን ሊረዳህ ይችላል፣ ሁለተኛው አንተ ማንን መርዳት ትችላለህ።

«ጥያቄ በሌላ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባም እንደ ጥያቄ ይደረደራል»

«ዱ ዩ ኖው ዋት ዲድ ሂ ሴይ?» ኢሜይል ላይ በየቀኑ አየዋለሁ፣ ከትልልቅ መሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም ጭምር። ጠያቂው «ዱ ዩ ኖው» ነው፣ ግልበጣውም እዚያው ተጠናቋል። ቀሪው እንደ ተራ ዓረፍተ ነገር ይሄዳል፦ «ዱ ዩ ኖው ዋት ሂ ሴድ?»። የባለቤት ጥያቄ ከሆነ ደግሞ ምንም የምትነኩት የለም፤ «ሁ ኮልድ?» እንዳለ ገብቶ «ዱ ዩ ኖው ሁ ኮልድ?» ይሆናል።