ምስል በምስል ላይ ደርቦ የፒክስል ጥምረቶችን የሚቆጥር ሶፍትዌር

አንድን ቦታ የሚያሳዩ ሁለት የኮምፒውተር ካርታዎች አሉ እንበል። አንዱ የድሮ፣ ሌላው የቅርብ ጊዜ ነው። ሁለቱም ፒክስል ከሚባሉ ትናንሽ አራት ማዕዘን ነጥቦች የተሠሩ ናቸው። እያንዳንዱ ፒክስል የያዘው ቁጥር ነው፤ ለምሳሌ 1 ደን፣ 2 እርሻ፣ 3 ውሃ። ሶፍትዌሩ አንዱን ካርታ በሌላው ላይ ይደርባል። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የትኛው ቁጥር ከየትኛው ጋር እንደተገጣጠመ ያያል። ከዚያ እያንዳንዱ ጥምረት ስንት ጊዜ እንደተገኘ ቆጥሮ በሠንጠረዥ ያወጣል። ሥራው ይኸው ነው።

ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ግን የደን መመናመንን ወይም የከተማ መስፋፋትን ለሚያጠና ሰው ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም መሣሪያ ማግኘት ይከብዳል። ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይሻላል።

10,000 ፒክስል የሚሸፍን አካባቢ እንውሰድ። በመጀመሪያው ካርታ 4,000ው ደን፣ 6,000ው እርሻ ነው። በሁለተኛው ደን 3,900፣ እርሻ 6,100 ሆኗል። ሁለቱን ለየብቻ ቆጥረን ብናወዳድር ደኑ በ100 ፒክስል ብቻ ቀነሰ እንላለን። ያን ያህል አያስደነግጥም። ደርበን ስንቆጥር ግን ሌላ ታሪክ ይወጣል። ደን ሆኖ የቆየው 3,100 ፒክስል ነው። 900ው ከደን ወደ እርሻ ተለውጧል። 800ው ደግሞ እርሻ ነበር፣ አሁን ደን ሆኗል። የቀረው 5,200 እርሻ እንደነበረ አለ።

ይህን ወደ ስፋት እንቀይረው። የላንድሳት ሳተላይት አንድ ፒክስል 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው፤ ማለትም 0.09 ሄክታር። ስለዚህ 81 ሄክታር ደን ጠፍቷል፣ 72 ሄክታር ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ በቅሏል። የተጣራው ልዩነት 9 ሄክታር ብቻ ነው። አዲስ የበቀለ ደን ግን የጠፋውን የቆየ ደን ወዲያው አይተካም። የዛፉ ዕድሜ፣ አፈሩ፣ በውስጡ የሚኖረው እንስሳ ይለያያል። ይህን ለይቶ የሚያሳየው ጥምረቱ ብቻ ነው። እኔ የደን ሽፋን ዘገባ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ይህን ሠንጠረዥ ነው። ከሌለ፣ የተጻፈውን የለውጥ መጠን በጥርጣሬ ነው የማየው።

ሠንጠረዡን ማንበብ ከባድ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ረድፎቹ የመጀመሪያውን ካርታ፣ ዓምዶቹ ሁለተኛውን ያሳያሉ። ከላይ ከግራ ጥግ ወደ ታች ቀኝ ጥግ በሰያፍ የሚወርዱት ቁጥሮች ያልተለወጠውን ይነግሩናል። የተቀሩት በሙሉ ለውጥ ናቸው።

ኮምፒውተሩ ይህን የሚሠራበት አንዱ ዘዴ የመጀመሪያውን ቁጥር በ100 አባዝቶ ሁለተኛውን መደመር ነው። 3 ከ7 ጋር ከተገጣጠመ 307 ይሆናል። የምድብ ቁጥሮቹ ከ100 በታች እስከሆኑ ድረስ ሁለት የተለያዩ ጥምረቶች አንድ ቁጥር አይጋሩም። እዚህ ላይ አንድ ክፉ ወጥመድ አለ። ብዙ ምስሎች በ8 ቢት ነው የሚቀመጡት፤ የሚይዙት ትልቁ ቁጥር 255 ነው። ሂሳቡ እዚያው ውስጥ ከተሠራ 307 ተጠምዝዞ 51 ሊሆን ይችላል። 51 ደግሞ ትክክለኛ ቁጥር ስለሚመስል ማንም አይነቃበትም።

ይህን ሥራ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው። ግራስ የተባለው ነፃ የጂአይኤስ (የካርታ መረጃ ማቀናበሪያ) ሶፍትዌር በ1980ዎቹ በአሜሪካ ጦር የግንባታ ምርምር ቤተ ሙከራ ነው የተጀመረው፤ አር.ክሮስ እና አር.ኮይን የሚባሉ ትዕዛዞች አሉት። በክላርክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኢድሪሲ ክሮስታብ አለው። በአርክጂአይኤስ ኮምባይን ይባላል፤ በአንድ ጊዜ እስከ 20 ምስል ይቀበላል። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚችል ሰው ደግሞ በጥቂት መስመር ኮድ ራሱ ሊጽፈው ይችላል።

20 ምስል መደረብ ይቻላል ማለት ግን ይጠቅማል ማለት አይደለም። 10 ምድብ ያላቸው ሁለት ካርታዎች እስከ 100 ጥምረት ሊያወጡ ይችላሉ፣ ሦስት ከሆኑ 1,000። እያንዳንዳቸው 256 ደረጃ ያላቸው ሦስት ምስሎች ከ16 ሚሊዮን በላይ ይደርሳሉ። ያን የሚያነብ ሰው የለም። ስለዚህ እንደ ከፍታ ወይም ሙቀት ያለ ተከታታይ ልኬት መጀመሪያ በጥቂት ምድቦች መከፈል አለበት።

ሶፍትዌሩ የተሰጠውን ይቆጥራል እንጂ ምስሎቹ በእርግጥ መገጣጠማቸውን አያጣራም። የካርታ ፕሮጀክሽናቸው (ክቧን ምድር በጠፍጣፋ ካርታ ላይ የማሳያ ዘዴያቸው)፣ የፒክስል መጠናቸውና መነሻ ነጥባቸው አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ አንዱ በሌላው ልክ እንደገና ይሠራል። ይህ ሲደረግ በምድብ ካርታ ላይ የቅርቡን ፒክስል ዋጋ መውሰድ እንጂ አማካይ ማስላት አይገባም። ደን 1፣ ውሃ 3 ከሆነ አማካዩ 2 ነው፤ 2 ደግሞ እርሻ ነው። በሐይቁ ዳር ዙሪያውን በምድር ላይ የሌለ እርሻ ይበቅላል። መገጣጠሙ ራሱ በጣም ትንሽ እንኳ ቢዛነፍ የደንና የእርሻ ድንበሮች ሁሉ የተለወጡ ይመስላሉ።

ስፋት ሲሰላም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ካርታው በኬክሮስና ኬንትሮስ ዲግሪ ከተሠራ ፒክስሎቹ እኩል ስፋት የላቸውም። 60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ያለ ፒክስል ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያለው ርዝመት የምድር ወገብ ላይ ካለው ግማሽ ያህል ነው። እዚያ ቆጠራውን ብቻ በአንድ ቁጥር አባዝቶ ሄክታር ማለት ስህተት ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የካርታዎቹ ስህተት መደራረብ ነው። እያንዳንዱ ካርታ 85 በመቶ ትክክል ነው እንበል። ስህተቶቻቸው የማይገናኙ ከሆነ ሁለቱም ትክክል የሚሆኑበት ቦታ 72 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እውነተኛው ለውጥ 5 በመቶ ቢሆን በሐሰተኛው ለውጥ ይዋጣል። የአውሮፓ ህዋ ኤጀንሲ የ2020 እና የ2021 ወርልድከቨር የተባሉ የመሬት ሽፋን ካርታዎች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ሁለቱም ባለ 10 ሜትር ፒክስል ናቸው፣ ምድቦቻቸውም አንድ ናቸው። የተሠሩት ግን በተለያየ የስሌት ዘዴ ነው። አዘጋጆቹ ራሳቸው በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት የመሬቱንም የዘዴውንም ለውጥ እንደያዘ አስጠንቅቀዋል። ደርቦ የቆጠረ ሰው ይህን ካላወቀ ያልተነካ መሬት ተለወጠ ብሎ ይጽፋል።

ይኸው ቆጠራ የካርታን ጥራት ለመመዘንም ያገለግላል። አንዱ ምስል ካርታው፣ ሌላው በመስክ የተረጋገጠ መረጃ ይሆናል። ጥምረቶቹ ካርታው የትኛውን ምድብ ከየትኛው ጋር እንደሚያምታታ ያሳያሉ።

በሕክምና ምስል ደግሞ ሐሳቡ ተገልብጦ ይሠራል። የአንድ ሰው ጭንቅላት በኤምአርአይና በሲቲ ስካን ተነስቷል፤ ሁለቱ ምስሎች ግን አልተገጣጠሙም። ኮምፒውተሩ አንዱን ትንሽ እያንቀሳቀሰ ጥምረቶቹን በየጊዜው ይቆጥራል። ምስሎቹ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ጥምረቶቹ ይበታተናሉ፤ አጥንት ከአጥንት፣ ለስላሳው ክፍል ከለስላሳው ሲገናኝ በጥቂት ጥንዶች ላይ ይሰበሰባሉ። ይህን መሰብሰብ በቁጥር የሚለካው ዘዴ በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው የተስፋፋው። የመገጣጠሚያው ቦታ የሚታወቀውም በዚህ ልኬት ነው።