ሬዚን ዳይስ በቤት ውስጥ፦ ቀለሙ ቀላል፣ አየሩ ከባድ

ዳይስ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የምትመጣው የሉዶዋ ነጭ ኩብ ናት። ስድስት ጎን፣ ጥቁር ነጠብጣብ፣ በቃ። ገጸ ባሕርይ እየተላበሱ በጠረጴዛ ዙሪያ ለሚጫወቱ ሰዎች ግን አንዲት ኩብ አትበቃም። አንድ ሙሉ ስብስብ ሰባት ዳይስ አለው፦ ባለ 4፣ ባለ 6፣ ባለ 8፣ ባለ 12 እና ባለ 20 ጎን አንዳንድ፣ ባለ 10 ደግሞ ሁለት። ከሁለቱ ባለ 10ዎች አንዱ ከ0 እስከ 9 ነው። ሌላው 00፣ 10፣ 20 እያለ እስከ 90 ይሄዳል። አብረው ሲወረወሩ ከ1 እስከ 100 ያለ ቁጥር ይወጣል። እነዚህን ሰባት ዳይሶች በሬዚን፣ ማለትም ፈሳሽ ሆኖ ተቀድቶ በሚጠነክር ፕላስቲክ፣ ቀድቶ ቤት ውስጥ መሥራት ራሱን የቻለ የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኗል።

በነገራችን ላይ፣ መካኒኮቻችን ከቡሎን ጋር የሚጠሩት «ዳዶ» የጣሊያንኛ ቃል ነው። ጣሊያኖች በዚያው ቃል ዳይስንም ይጠሩበታል።

የሰባቱን ስብስብ ዓለም ያወቀው በደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። ጨዋታው በጋሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርንሰን ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ታተመ። ያኔ ለጨዋታ ተብሎ የተሠራ ባለ 20 ዳይስ ገበያ ላይ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። የመጀመሪያዎቹ የመጡት ካሊፎርኒያ ካለ የትምህርት መሣሪያ አቅራቢ ነው። የተሠሩትም ለጂኦሜትሪ ማስተማሪያ ነበር። ፕላስቲካቸው ለስላሳ ስለነበር ብዙ ሲወረወሩ ጠርዛቸው ይበላል። ቁጥሮቹ ቀለም የላቸውም፤ ተጫዋቹ ራሱ የሰም ከለር እያሸ ይሞላቸዋል። ባለ 20ው ላይም ከ1 እስከ 20 አልተጻፈም። ከ0 እስከ 9 ሁለት ጊዜ ነበር የተደገመው።

ቅርጹ ግን ከጨዋታው እጅግ ይቀድማል። ኒው ዮርክ የሚገኘው የሜትሮፖሊታን ሙዚየም የግሪክ ፊደላት የተቀረጹበት ባለ 20 ጎን የግብፅ ድንጋይ አለው። ከሰባቱ አምስቱ የጥንት ግሪኮች ያጠኗቸው ቅርጾች ናቸው። እንግዳው ባለ 10 ጎኑ ብቻ ነው።

ሰው ለምን ራሱ ይሠራል? መልሱ ከጠርዝ ይጀምራል። የፋብሪካ ዳይስ ከተቀዳ በኋላ ከማለስለሻ ጠጠር ጋር በርሜል ውስጥ ይንከባለላል። ትርፉ ይላጫል፣ ይወለውላል፣ ጠርዙ ግን ክብ ይሆናል። ጌምሳይንስ የተባለውን የዳይስ ድርጅት ለረጅም ጊዜ የመራው ሉ ዞኪ ይህን ሲቃወም ኖሯል። ሲንከባለል ሁሉም ጎን እኩል አይበላም፣ ስለዚህ ዳይሱ ያዳላል ባይ ነው። የራሱን ዳይሶች በሹል ጠርዝ ሸጠ። ባለ 100 ጎን ዳይስም ሠርቷል፤ የጎልፍ ኳስ የሚመስል፣ ተወርውሮ በቀላሉ የማይቆም ነገር። በእጅ የሚሠሩት ሰዎች ሹል ጠርዙን ከዚህ ክርክር ወረሱ። ሐቁን ለመናገር ግን አብዛኛው ሰው የሚወደው ፍትሐዊነቱን ሳይሆን ውበቱን ነው። ሹል ጠርዝ ያለው ጥርት ያለ ሬዚን ብርሃን ሲያርፍበት የከበረ ድንጋይ ይመስላል።

የሥራው አካሄድ ሲነገር አጭር ነው። «ማስተር» የሚባል አንድ ፍጹም ዳይስ ይዘጋጃል። በላዩ ላይ ሲሊኮን ይፈስና ፎርማ ይወጣል። ፎርማው ውስጥ ሬዚን ይቀዳል፣ ይጠነክራል፣ ይወጣል፣ ይወለወላል፣ ቁጥሩ በቀለም ይሞላል። ለጀማሪ ግን ማስተሩንና ሲሊኮኑን ዘሎ ዝግጁ ፎርማ መግዛት ይሻላል። በኦንላይን ገበያዎች ሞልቷል። ጥራቱ ይለያያል፤ ርካሹ ብዙ ጊዜ የደበዘዘ ወለልና የተጣመመ ክዳን ይዞ ይመጣል። ለመማሪያ ግን ይበቃል። ደግሞ ሰባቱን በአንዴ አይጀምሩ። አንድ ባለ 20 ብቻ ደጋግመው ይቅዱ። በጎንና በጎን መካከል 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ 20 የሚጠይቀው 5 ሚሊ ሊትር ያህል ሬዚን ነው። ቢበላሽ አያቃጥልም። ለሙሉ ስብስብ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር በቂ ነው።

ሬዚኑ አብዛኛውን ጊዜ ኢፖክሲ ነው። በሁለት ጠርሙስ ይመጣል፤ አንዱ ሬዚን፣ ሌላው ማጠንከሪያ። የመኪና ቦዲ ሥራ ያየ ሰው እዚህ ላይ ሊሳሳት ይችላል። ስቱኮ ላይ ካታሊስት ትንሽ ሲጨመር ቶሎ ይደርቃል። ኢፖክሲ እንዲህ አይደለም። ሁለቱ ፈሳሾች በልክ ይጣመራሉ። ማጠንከሪያው ከበዛ የተረፈው መሄጃ የለውም፤ ዳይሱም ለዘላለም እንደተጣበቀ ይቀራል። መመሪያው 1 ለ 1 ወይም 2 ለ 1 ሲል በይዘት ነው ወይስ በክብደት የሚለውን ማየት ያስፈልጋል። የሁለቱ ክብደት እኩል ስላልሆነ ይዘትን በሚዛን መለካት ያሳስታል። ከዚያ ሦስት አራት ደቂቃ በቀስታ ማማሰል ነው፤ የኩባያውን ግድግዳና ወለል እየጠረጉ። ከዚያ ወደ ሌላ ንጹሕ ኩባያ ገልብጦ እንደገና ማማሰል። ግድግዳ ላይ ያልተዋሐደ ሬዚን ስለሚቀር ይህቺ ሁለተኛ ኩባያ ብዙ ዳይስ ታድናለች።

የክፍሉ ሙቀት ከ21 እስከ 25 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። ሲቀዘቅዝ ሬዚኑ እንደ ማር ይወፍርና አየር አይለቅም። ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከመደባለቁ በፊት ጠርሙሶቹን ክዳናቸው እንደተዘጋ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ማቆየት ይረዳል። በተቃራኒው፣ ብዙ የተደባለቀ ሬዚን ኩባያ ውስጥ ረስቶ መተው አደጋ አለው። ሲጣመር ራሱ ይሞቃል፣ እስከ መጨስ ሊደርስ ይችላል። ዳይሱ ከፎርማ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ግን ከቀናት በኋላ ነው። ሳይጠና የተወለወለ ዳይስ ይደበዝዛል።

ስለ ጤና ደግሞ ለስለስ አድርጌ አልነግራችሁም። ያልደረቀ ኢፖክሲ ቆዳን ያስቆጣል። ከዚህ የከፋው አለርጂው ነው። ሰውነት አንዴ ካወቀው አይረሳውም። ወራት ያለ ችግር የሠራ ሰው አንድ ቀን እጁና የዓይኑ ቆብ ያብጣል፣ ከዚያ በኋላ ሬዚኑን መንካት አይችልም። ጓንቱ ናይትራይል ይሁን። መስኮት ይከፈት። የሚለበሰው ማስክ የኦርጋኒክ ጋዝ ማጣሪያ ያለው መሆን አለበት። የኮሮና ጊዜው የጨርቅ ማስክ ለዚህ ዋጋ የለውም። እጅ ላይ ከነካ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል። በአልኮል መጥረግ ሬዚኑን ያሳሳና ቆዳ ውስጥ እንዲገባ ይረዳዋል። ትርፉን ሲንክ ውስጥ መድፋት የለም። ኩባያው ውስጥ ደርቆ እንደ ደረቅ ቆሻሻ ይጣላል። ቡና በሚፈላበት ጠረጴዛ ላይ ይህን ሥራ አለመሥራት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጠላት እንምጣ፤ አየር። ሬዚን ሲማሰል አየር ይይዛል። ሲቀዳ ቁጥሮቹ ጥግ ውስጥ ትንንሽ አረፋ ይቀራል። ክዳን ሲዘጋ ሌላ አየር ይታፈናል። ጠርዝ ላይ የቀረች አንዲት አረፋ ስትወለወል ጉድጓድ ትሆናለች።

ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙት የግፊት ታንክ ነው። ፎርማው ከነሬዚኑ ታንኩ ውስጥ ይገባል፣ በኮምፕሬሰር ወደ 40 ፒኤስአይ ማለትም 2.8 ባር ገደማ ይነፋል፣ ሬዚኑ እስኪጠነክር እንደታፈነ ይቆያል። ጎሚስታ የቤት መኪና ጎማ ላይ ከሚሞላው ትንሽ ከፍ ይላል ማለት ነው። ብዙ ሰው ግፊቱ አየሩን የሚያስወጣ ይመስለዋል። አያስወጣም። አረፋው ወደ ሩብ ያህል ይጨመቃል፣ ከፊሉም ሬዚኑ ውስጥ ይሟሟል። ዓይን አያየውም እንጂ እዚያው ነው። ለዚህ ነው ግፊቱን ቶሎ የለቀቀ ሰው አረፋው ተመልሶ የሚጠብቀው።

ብዙዎቹ ታንኮች ለቀለም መርጫ የተሠሩ ሆነው ለዚህ ሥራ የተቀየሩ ናቸው። ከተጻፈላቸው ግፊት በላይ መሙላት፣ ወይም የደኅንነት ቫልቩን መንቀል ቦምብ ከመሥራት አይለይም። የምግብ ፕሬሸር ደግሞ ለዚህ አይሆንም። እሱ የተሠራው ለ1 ባር ገደማ ነው።

ሲሊኮኑን ራስዎ ከቀዱም ሕግ አለ። ዳይሱ በግፊት የሚቀዳ ከሆነ ፎርማውም በዚያው ግፊት ውስጥ መጠንከር አለበት። ካልሆነ ሲሊኮኑ ውስጥ የቀረው አረፋ ታንኩ ውስጥ ይጨመቅና ወለሉ ይሰረጉዳል፤ ዳይሱም ብጉር አውጥቶ ይወጣል። አንዳንዱ ከግፊት ይልቅ ቫኪዩም ተጠቅሞ የሲሊኮኑን አየር ይስባል። የእንግሊዝኛ መመሪያዎች ጌጁ 29 ኢንች ሜርኩሪ እንዲደርስ ያዛሉ። አዲስ አበባ ላይ ይህ አይደረስም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ያላት የአየር ግፊት ራሱ 23 ኢንች ገደማ ነው። ስለዚህ መርፌው 22 ላይ ቢቆም ፓምፑ አልተበላሸም።

ያለ ታንክስ? ይቻላል። ሬዚኑን አሙቆ፣ ቀጭን አድርጎ በቀስታ ማፍሰስ፣ የቁጥሮቹን ጥግ በስቴክኒ መነካካት። ብልጭልጭ ያለበትና የማያሳልፍ ቀለም አረፋን ይደብቃል። ጥርት ያለ ብርጭቆ መሰል ዳይስን ግን ያለ ታንክ መመኘት ልፋት ነው።

የሲሊኮን ምርጫ ላይ ባጭሩ ላክል። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ፕላቲነም የሚባለው ዓይነት ነው፤ ቅርጹን አይለቅም፣ አይኮማተርም። ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው። ድኝ ያለበት የሞዴል ጭቃ፣ የላቴክስ ጓንት፣ በደንብ ያልታጠበና ያልደረቀ የስሪዲ ሬዚን ህትመት ከነካው አይጠነክርም፤ እንደ ሙጫ ይቀራል። ማስተሩን በስሪዲ ፕሪንተር የሚያትሙ ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚያለቅሱት እዚህ ላይ ነው።

ከአየር ቀጥሎ ያለው ሥራ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ሰባቱ ዳይሶች በድምሩ 70 ጎን አላቸው። የተለመደው የማለስለሻ ወረቀት ስብስብ ከ30 ማይክሮን ጀምሮ እስከ 1 ማይክሮን በስድስት ደረጃ ይወርዳል። ሁሉንም ጎን በሁሉም ወረቀት ልሥራ ያለ ሰው 420 ጊዜ ይቀመጣል። ለዚህ ነው ብልሆቹ ድካማቸውን ማስተሩ ላይ የሚጨርሱት። ሲሊኮን ያየውን ሁሉ ይገለብጣል። ማስተሩ እንደ መስታወት ካበራ የሚቀዳው ዳይስም ያበራል። የጣት አሻራ ካለበትም አሻራውን ይወርሳል። ማስተሩ ጥሩ ከሆነ ከእያንዳንዱ ዳይስ የሚወለወለው ክዳኑ ያረፈበት አንድ ጎን ብቻ ነው። ከ70 ወደ 7 ወረደ ማለት ነው።

ያ ጎን ደግሞ ሁልጊዜ ትንሽ ከፍ ብሎ ይወጣል። በክዳኑና በፎርማው መካከል ሬዚን ሾልኮ ይገባል። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ ውሃ ነክሮ፣ በእኩል ጫና ማሸት ነው። ውሃው አቧራውን ይይዛል፤ የሬዚን አቧራ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም። እጅ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ጎኑ ጠማማ ይሆናል። ጥሩ ጠርዝ በአንድ ደቂቃ ጉልበት ይጠፋል።

ቀለም ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው ቢሆንም በጣም ቀላሉ ክፍል ነው። የአልኮል ቀለም ጥርት ያለ ብርሃን አሳላፊ መልክ ይሰጣል። የማይካ ዱቄት እንደ ዕንቁ ያብለጨልጫል። ነጭ የአልኮል ቀለም ከሌሎቹ ስለሚከብድ የሌላ ቀለም ጠብታ ላይ ሲንጠባጠብ ይዞት ወደ ታች ይሰምጣል። እንደ ባሕር እንስሳ ክንድ የተንጠለጠለ ነገር ይወጣል። ጥቂት ጠብታ ይበቃል፤ ሲበዛ ሬዚኑን ያለሰልሰዋል። አበባ የሚከተት ከሆነ ሙሉ በሙሉ የደረቀ ይሁን። እርጥበት ካለው ይጠቁራል፣ አረፋም ያመጣል።

ቁጥሩ በአክሪሊክ ቀለም ይሞላል። ጉድጓዱ ውስጥ ይቀባል፣ ሲደርቅ ላዩ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማየት ይቻላል። ባለ 20 ላይ ተቃራኒ ጎኖች ሲደመሩ 21 ይሆናሉ። 20 ከ1 ጋር፣ 13 ከ8 ጋር ጀርባ ለጀርባ ናቸው። ማስተር የሚነድፍ ሰው ይህን ሥርዓት መጠበቅ አለበት።

ዳይሱ ያዳላ እንደሆነ ለማየት የተለመደው ዘዴ የጨው ውሃ ነው። ኢፖክሲ ከውሃ በጥቂቱ ይከብዳል። ብርጭቆ ውስጥ ጨው እየሟሟ ሲሄድ ዳይሱ ይንሳፈፋል። በጣት ገፋ ተደርጎ ደጋግሞ አንድ ቁጥር ብቻ ወደ ላይ ካሳየ በዚያ በኩል ባዶ ቦታ፣ ወይም በተቃራኒው ወገን ከባድ ነገር አለ። ውሃ ውስጥ የሚታይ ትንሽ ማዳላት ግን ጠረጴዛ ላይ ሲወረወር ላይታወቅ ይችላል። እውነተኛው ፈተና መወርወርና መጻፍ ነው። ባለ 20 ዳይስ 1,000 ጊዜ ቢወረወር እያንዳንዱ ቁጥር ወደ 50 ጊዜ መምጣት አለበት። ይህን ለመቁጠር ትዕግሥት ያለው ሰው ብዙ አይደለም። ተጫዋቾቹ ሌላ ዘዴ አላቸው። አንድ ምሽት ሙሉ 1 እየደጋገመ ያስቸገረ ዳይስ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሳጥኑን «የዳይስ እስር ቤት» ይሉታል።