ቦንድ ሲሰበር ኃይል አይወጣም

በኬሚስትሪ የምንሳሳተው ብዙ ጊዜ ከቃላት ተነሥተን ነው። “መስበር”፣ “ጠንካራ”፣ “ሚዛን” የሚሉት ቃላት የሰፈር ትርጉማቸውን እንደያዙ ክፍል ይገባሉ። ከዚያ ማስወጣቱ ይቸግራል። ለማቅለል ተብለው የተሳሉ ሥዕሎችም የራሳቸውን ይጨምራሉ። ጎበዝ ተማሪዎችን ሳይቀር በሚጥለው ልጀምር።

“ቦንድ ሲሰበር ኃይል ይወጣል”

እውነታው የዚህ ግልባጭ ነው። ሁለት አቶሞችን የያዘውን ቦንድ ለመስበር ኃይል መክፈል አለብን። ኃይል የሚወጣው አዲስ ቦንድ ሲፈጠር ነው። የተጣበቁ ሁለት ማግኔቶችን አስቡ። ለማላቀቅ ጉልበት ይጠይቃሉ፤ ሲቀራረቡ ግን ራሳቸው ጧ ብለው ይጣበቃሉ።

ታዲያ ነዳጅ ሲቃጠል ሙቀቱ ከየት መጣ? ሒሳቡን በሃይድሮጅን እንሥራው። ሁለት ሞል ሃይድሮጅን ከአንድ ሞል ኦክስጅን ጋር ተቃጥሎ የውሃ ተን ይሆናል (ሞል የሞለኪውሎችና የቦንዶች ብዛት የሚቆጠርበት መለኪያ ነው)። የሃይድሮጅኑን ቦንዶች ለመስበር 872 ኪሎ ጁል ገደማ፣ ለኦክስጅኑ ደግሞ 498 ያስፈልጋል። ወጪው በድምሩ 1,370 ደረሰ። በሌላ በኩል በኦክስጅንና በሃይድሮጅን መካከል አራት ሞል አዲስ ቦንድ ይፈጠራል። እያንዳንዱ ሞል 463 ገደማ ይመልሳል፤ ገቢው 1,852 ማለት ነው። ትርፉ 482 ኪሎ ጁል ነው። ሙቀትና ብርሃን ሆኖ የምናየው እሱ ነው።

ክብሪት ለምን እንደሚያስፈልግም እዚህ ላይ ይገባናል። የመጀመሪያውን ወጪ የሚሸፍን አንድ ነገር መኖር አለበት። አንዴ ከተነሣ በኋላ ሪአክሽኑ በገዛ ሙቀቱ ይቀጥላል።

በነገራችን ላይ የባዮሎጂ ትምህርትም በዚህ ስህተት እጁ አለበት። ሴሎች ለሥራቸው ኃይል ስለሚያገኙበት ሞለኪውል፣ ስለ ኤቲፒ፣ ሲወራ ኃይል ቦንዱ ውስጥ ታሽጎ የተቀመጠ ይመስላል። ኤቲፒ ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ኃይል የሚገኘው ግን የሚፈጠሩት ነገሮች ከመጀመሪያዎቹ ይበልጥ የተረጋጉ ስለሆኑ ነው። እዚያም የሚታየው የገቢና የወጪው ልዩነት ነው።

“ኤሌክትሮን፣ ፕላኔት ፀሐይን እንደሚዞር፣ ኒውክለስን ይዞራል”

የዚህ ሥዕል ምንጭ ኒልስ ቦር እ.ኤ.አ. በ1913 ያቀረበው ሞዴል ነው። ሞዴሉ ሃይድሮጅን የሚረጨውን ብርሃን አሳምሮ አስረድቷል። ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ ያለው ሄሊየም ላይ ሲደርስ ግን ተንገዳገደ። ከ1926ቱ የኤርዊን ሽሮዲንገር እኩልታ ወዲህ የምናወራው ስለ ኦርቢታል ነው። ኦርቢታል ኤሌክትሮኑ የመገኘት ዕድሉ የት የት ሰፊ እንደሆነ ያሳያል እንጂ የሚሮጥበትን መንገድ አይነግረንም።

ሥዕሉ በመጠንም ያታልላል። ኒውክለሱን 1 ሴንቲ ሜትር አድርገን ብንስል፣ አቶሙ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ስፋት ሊኖረው ነው። የትኛው ወረቀት ይበቃል?

“ጠንካራ አሲድ ማለት የሚያቃጥል አሲድ ነው”

ጠንካራ የሚባለው ውሃ ውስጥ ሲገባ ሞለኪውሎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ አየን (የኤሌክትሪክ ቻርጅ ወዳለው ቅንጣት) የሚለወጡለት አሲድ ነው። ስንት አሲድ በስንት ውሃ ተበጠበጠ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። 0.001 ሞላር (በሊትር 0.001 ሞል) ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠንካራ አሲድ ቢሆንም ፒኤች መጠኑ 3 ነው፤ የፒኤች ቁጥር ባነሰ ቁጥር አሲድነቱ ይጨምራል። 1 ሞላር አሴቲክ አሲድ ደካማ ተብሎ ፒኤች መጠኑ 2.4 አካባቢ ነው። ስለዚህ የአሲድነት መጠኑ የሚያይለው የደካማው ነው! ሃይድሮፍሎሪክ አሲድም በምደባው ደካማ ነው። መስታወት ይበላል፤ ቆዳ ዘልቆ ገብቶ ክፉኛ ይጎዳል። ስሙን አምኖ የሚነካው የለም።

አጫጭሮቹን ደግሞ በአንድ ትንፋሽ እንለፋቸው። የሚፈላ ውሃ ውስጥ የሚንተከተከው አረፋ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን አይደለም፤ የውሃ ተን ነው። ብረት ሲሞቅ የሚሰፋው አቶሞቹ ስላበጡ ሳይሆን በመካከላቸው ያለው ርቀት ስለጨመረ ነው። “የተቃጠለ ነገር ሁሉ ይቀልላል” የሚል ካለ ደግሞ ቀጭን የብረት ሽቦ አቃጥሎ ይመዝን። ኦክስጅን ስለያዘ ከብዶ ያገኘዋል።

“ሚዛን ላይ የደረሰ ሪአክሽን ቆሟል”

ከውጭ ሲያዩት የቆመ ይመስላል። የእያንዳንዱ ነገር መጠን አይለወጥማ። ውስጡ ግን ሥራ አልተፈታም፤ የፊቱም የኋላውም ሪአክሽን በእኩል ፍጥነት ይሄዳል። እኩል የሚሆነው ፍጥነቱ ነው፣ መጠኑ የግድ እኩል አይሆንም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል።

ማሳየትም ይቻላል። ከዚህ በላይ ጨው ማሟሟት የማይችል ውሃ አለ እንበል። ራዲዮአክቲቭ ሶዲየም ያለበት የጨው ጠጠር ብንጨምርበት የሟሟው ጨው መጠን ንቅንቅ አይልም። ቆየት ብለን ውሃውን ብቻ ቀድተን ብንለካ ግን ራዲዮአክቲቩ ሶዲየም እዚያ ይገኛል። ከጠጠሩ የወጣ አለ፤ በምትኩ ከውሃው ወደ ጠጠሩ የገባም አለ።