የሪል ቴፕ የክር ውጥረትና አስተካከሉ

ሪል ቴፕ ክሩ (ድምፅ የሚቀዳበት ስስ ጥብጣብ) በካሴት ሳይታሸግ ከግራው ሪል (መጠቅለያ) ወደ ቀኙ እየተጠቀለለ የሚሄድበት የድምፅ መቅጃ ነው። መሃል ላይ ካፕስታን የሚባል የሚሽከረከር የብረት ዘንግና የጎማ ሮለር ክሩን ጨብጠው በእኩል ፍጥነት ይስቡታል። የክር ውጥረት ደግሞ ሁለቱ ሪሎች ክሩን ወደየራሳቸው የሚጎትቱበት ኃይል ነው። ግራው ሪል ክሩን ትንሽ ወደ ኋላ ካልያዘው ክሩ ከሄዱ (ድምፁን ከክሩ ላይ ከሚያነበው ክፍል) ጋር በደንብ አይገጥምም፤ ቀጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል። አያያዙ ሲበዛ ክሩ ይለጠጣል፣ ሄዱም ቶሎ ይበላል።

ፍሪትዝ ፍሎይመር በጀርመን የባለክር መቅጃ ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። የጀርመኑ ኩባንያ ኤኢጂ በ1935 በርሊን ላይ ማግኔቶፎን የተባለውን መቅጃውን ለሕዝብ አሳየ፤ የአሜሪካው ኩባንያ አምፔክስ በ1948 ተከተለ።

ለቤት ከተሠሩት ውስጥ ሰፊ ቦታ የሚገባው ሬቮክስ ኤ77 ነው። የስዊዘርላንዱ ቪሊ ስቱደር ድርጅት በ1967 አወጣው። ሦስት ሞተር አለው፤ አንዱ ካፕስታኑን ያዞራል፣ ሁለቱ ሪሎቹን። የካፕስታኑን ፍጥነት ኤሌክትሮኒክስ ይቆጣጠረዋል። እስከ 26.5 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ሪል ይጭናል። የጃፓኖቹ ቲያክና አካይ ብዙ ወዳጅ አላቸው፤ ይበልጣሉ የሚሉም አይጠፉም። በክር አያያዝ ግን ኤ77ን የሚስተካከል የቤት ማሽን ማግኘት ይከብዳል።

ችግሩ ያለው ሒሳቡ ላይ ነው። በእንዲህ ዓይነት ማሽን የሪሉ ሞተር የሚሰጠው የማዞር ኃይል እምብዛም አይለወጥም። ክሩ ላይ የሚያርፈው ውጥረት ግን ይህ ኃይል ለጥቅሉ ራዲየስ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ስለዚህ ግራው ሪል እየጎደለ ሲሄድ ውጥረቱ ይጨምራል። የትልቁ የብረት ሪል እምብርት ዲያሜትሩ 11.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሪሉ ሙሉ ከነበረ መጨረሻው ላይ ያለው ውጥረት የመነሻውን እጥፍ ያልፋል። የ18 ሴንቲ ሜትሩ ሪል እምብርት ደግሞ ከዚያ በብዙ ያንሳል። የሪል መጠን መምረጫ ማብሪያው የተሠራው ለዚህ ነው። ትንሽ ሪል ጭኖ ማብሪያውን ትልቁ ላይ መተው ክር ያስጨንቃል፤ በተለይ 18 ማይክሮን ገደማ የሆነውን ስስ ክር። መደበኛው ክር 52 ማይክሮን አካባቢ ስለሆነ ይችላል። በሁለቱም በኩል እምብርታቸው እኩል የሆነ ሪል መጫንም ይመከራል።

ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ባዶ ሪል እምብርት ላይ ጠንካራ ሲባጎ ይጠመጠማል፣ ጫፉ በስፕሪንግ ሚዛን ይያዛል። ኤ77 ክር ማለቁን በብርሃን ስለሚያውቅ፣ ብርሃኑ በቁራጭ ወረቀት ካልተጋረደ ማሽኑ አይነሳም። ማሽኑ ማጫወት ላይ ሆኖ ግራው ሲባጎ በዝግታና በእኩል ፍጥነት ይሳባል። ሚዛኑ 100 ግራም ካሳየና የእምብርቱ ራዲየስ 5.7 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ የማዞር ኃይሉ 570 ግራም ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ከአምራቹ የጥገና መመሪያ ጋር ይመሳከራል። በቀኙ በኩል ደግሞ ሞተሩ ራሱ ሲባጎውን ቀስ እያለ እንዲጠቀልል ይለቀቃል።

ብዙ ባለሦስት ሞተር ማሽኖች ውስጥ ውጥረቱ የሚስተካከለው ትልቅ የሽቦ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ክፍል) ላይ ያለችውን ቅንጥብ በማንሸራተት ነው። እዚያ ላይ የቤት መብራት ኃይል ስላለ ሶኬቱ ሳይነቀል አይነካም። ባለአንድ ሞተሮቹ በሱፍ ንጣፍ ፍትጊያ ይሠራሉ። በ1970 የወጣው የስቱዲዮው ስቱደር ኤ80 ግን ውጥረቱን ራሱ እየለካ ያስተካክላል።

ቅንጥቧ ከመነካቷ በፊት የክሩ መንገድ በአልኮል ይጸዳል፣ ፍሬኑ ይታያል፣ የሞተሩ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ክፍል) ይለካል። ካፓሲተሩ የደከመ ከሆነ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ያን በሬዚስተር ማካካስ ችግሩን መደበቅ ነው። ባለቤቱ ራሱ ይንካው ወይስ ለቴክኒሻን ይተወው የሚለው እስካሁን ያከራክራል።

አንዳንዴ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። በ1970ዎቹና 80ዎቹ የተመረቱ አንዳንድ ክሮች ማጣበቂያቸው እርጥበት ስቦ ሙጫ ይሆናል፤ ሄዱ ላይ እየተለጠፉ ይጮኻሉ። እነዚህ በ50 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት እንዲሞቁ ይደረጋል። አሴቴት ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራው የቀድሞው ክር ግን በፍጹም አይሞቅም። ሪሉን ወደ ብርሃን ሲያዩት በጎን በኩል ብርሃን የሚያሳልፈው እሱ ነው። ውጥረት ሲበዛበትም ሳይለጠጥ ይበጠሳል፤ በመቀጠያ ፕላስተር መልሶ ማያያዝ ይቻላል።