ጡመራና ማኅበራዊ ሚዲያ በኢትዮጵያ የዜና ሥራ

ጦማር በግዕዝ ደብዳቤ ማለት ነው። ቃሉ በበይነ መረብ ለሚጻፍ የግል ዓምድ ከዋለ በኋላ ጸሐፊው ጦማሪ፣ ሥራው ደግሞ ጡመራ ተብሏል። ይህ ዳሰሳ ጡመራና እሱን ተከትለው የመጡት ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ የዜና ሥራ ላይ ያመጡትን ለውጥ ይመለከታል። “እ.ኤ.አ.” ካልተባለ በቀር ዘመኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ከማተሚያ ቤት መላቀቅ

ለረጅም ጊዜ የግል ጋዜጦች ዕጣ በአመዛኙ በብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት እጅ ነበር። የወረቀት ዋጋ ሲንር ወይም ድርጅቱ አላትምም ሲል የተዘጋጀው ዕትም ሳይወጣ ይቀራል። ጡመራ ያነሳው የመጀመሪያው ሸክም ይኸው ነው፤ ለመጻፍም ለማሳተምም የኢንተርኔት ካፌ ወንበር በቃ።

የቀረው እንቅፋት ፊደሉ ነበር። የጋዜጣ ቤቶች በቀድሞዎቹ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ይለቅሙ ነበር። በእነዚህ ፎንቶች ኮምፒዩተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ኮድ ነው፤ አማርኛ የሆነው ከላይ የሚታየው ቅርጽ ብቻ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት ትርጉም አልባ የላቲን ፊደላት ክምር ይሆናል። ጋዜጦች ገጻቸውን በፎቶ ወይም በፒዲኤፍ ይለጥፉ የነበረው ለዚህ ነው፤ በፍለጋም አይገኙም ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ለዓለም ፊደላት ወጥ ኮድ በሚሰጠው በዩኒኮድ ቢካተትም ጋዜጣ ቤቶች ወደ እሱ የተሻገሩት ቀስ ብለው ነው። ጦማሪያን ግን ሥራቸው ገና ከጅምሩ በድረ ገጽ ላይ ስለነበር በዩኒኮድ መጻፍ ግድ ሆነባቸው። ዛሬ የቆየ የአማርኛ አስተያየት ጽሑፍ በፍለጋ የሚገኝ ከሆነ፣ የእነሱ ድርሻ ቀላል አይደለም።

ከምርጫ 97 በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም. ጦማሪያን የሚጽፉበት የብሎግስፖት አድራሻዎች በአገር ውስጥ መከፈት አቆሙ።

ዞን 9

የዚህ ታሪክ ማዕከል ዞን 9 ነው። በግንቦት 2004 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ስብስብ ስሙን ያገኘው ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነው፤ ግቢው ስምንት ዞኖች ስላሉት ዘጠነኛው ዞን ከአጥሩ ውጭ ያለው አገር ነው ማለታቸው ነበር። መርሐቸው “ስለሚያገባን እንጦምራለን” ይላል። በሕገ መንግሥቱ ላይ የተመሠረቱ የማኅበራዊ ሚዲያ ዘመቻዎችን አካሂደዋል። አድራሻቸው ሲዘጋ ሌላ ከፍተው ይቀጥሉ ነበር።

ሚያዝያ 17 እና 18 ቀን 2006 ዓ.ም. ስድስት ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ተያዙ። ማዕከላዊ በተባለው የፖሊስ ምርመራ ጣቢያ ወደ ሦስት ወር ገደማ ያለ ክስ ከቆዩ በኋላ፣ ሐምሌ ላይ በፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 ተከሰሱ። በክሱ ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱ “ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ” የተባለው የዲጂታል ደኅንነት መማሪያ ነው፤ ይህም የይለፍ ቃል አያያዝንና ምስጠራን የሚያስተምር፣ ማንም ሰው በነፃ የሚያገኘው መመሪያ ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ሁለቱ ጦማሪያንና ሦስቱ ጋዜጠኞች ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ። ጊዜው የፕሬዚዳንት ኦባማ ጉብኝት ዋዜማ መሆኑን የሚያነሱ ብዙዎች ናቸው። ጥቅምት 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ፍርድ ቤት አራት ተከሳሾችን፣ በሌለችበት የተከሰሰችውን ሶልያና ሽመልስን ጨምሮ፣ በነፃ አሰናበተ፤ በፍቃዱ ኃይሉ ግን በቀለለ አንቀጽ እንዲከላከል ተበየነ። እ.ኤ.አ. በ2015 ስብስቡ ከጋዜጠኞች ተከላካይ ኮሚቴ (ሲፒጄ) ዓለም አቀፍ የፕሬስ ነፃነት ሽልማት ተቀበለ። አብሯቸው የታሰረው ጋዜጠኛ ተስፋለም ወልደየስ በኋላ “ኢትዮጵያ ኢንሳይደር”ን በድረ ገጽ አቋቋመ።

በጥቅምት 2009 ዓ.ም. አዲስ ስታንዳርድ መጽሔት ኅትመቱን አቁሞ በድረ ገጽ ቀጠለ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ተዘግተው የነበሩ 264 ድረ ገጾች መከፈታቸውን መንግሥት አስታወቀ።

ቴሌግራምና ዩቲዩብ

ከዚያ ወዲህ የሰበር ዜና ሜዳው ቴሌግራም ነው፤ ቲክቫህ ኢትዮጵያን የመሰሉ ቻናሎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተከታይ አላቸው። የመድረኮቹ ልክ አጻጻፉንም ለውጦታል። የስልክ አጭር መልእክት በላቲን 160 ፊደል ሲይዝ በአማርኛ 70 ብቻ ነው። ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) ለመደበኛ ተጠቃሚ 280 ቢፈቅድም የእኛን አንድ ፊደል እንደ ሁለት ስለሚቆጥር የሚደርሰን 140 ነው። ቴሌግራም በአንድ ልጥፍ 4,096 ይፈቅዳል፤ ፎቶ ሥር የሚጻፈው ግን ለመደበኛ ተጠቃሚ ከ1,024 አያልፍም። ሰፊ መሆኑ ለአማርኛ ዜና ተመችቷል።

ዩቲዩብ ሌላ ልማድ አምጥቷል። ሙሉ የማስታወቂያ ገቢ ለማግኘት ቢያንስ 1,000 ተመዝጋቢና በ12 ወር 4,000 ሰዓት ዕይታ (ወይም በ90 ቀን 10 ሚሊዮን የአጫጭር ቪዲዮ ዕይታ) ይጠይቃል፤ በመካከል ማስታወቂያ ለማስገባት ቪዲዮው 8 ደቂቃ መድረስ አለበት። የሁለት ደቂቃ ዜና ወደ ዘጠኝና ዐሥር ደቂቃ የሚለጠጠው፣ ርዕሱም “ሰበር” የሚባለው በዚህ ሳቢያ ነው። ይህ የሙያ ጉዳት ነው፤ ልፋ ያለው ዘጋቢ በጠዋት ያጣራውን ዜና ማይክሮፎን ብቻ ያለው ሰው እስከ ምሳ ሰዓት አንብቦ ይሸጠዋል።

ማጣራት

የዲጂታል ዴስክ ዋና ሥራ ዛሬ ማጣራት ነው፤ ሀቅቼክና ኢትዮጵያ ቼክ የተባሉት መረጃ አጣሪዎች የቆሙት ለዚህ ነው። አሠራሩ የራሱ ጣጣ አለው። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ምስል ጨምቆ የተነሣበትን ቀንና ቦታ ያጠፋል፤ ስለዚህ ዘጋቢው ምንጩን “በፋይል ላክልኝ” ይላል። ምስሉ ላይ “2015” የሚል ማኅተም ካለ የማን አቆጣጠር እንደሆነ መለየት ይቀድማል፤ የፈረንጆቹ 2015 በእኛ 2007 ወይም 2008 ስለሆነ በእኛ 2015 ዓ.ም. አሮጌ ፎቶ እንደ ትኩስ ዜና ሊያልፍ ይችል ነበር። “3 ሰዓት ላይ” የሚለውም እንዲሁ ስድስት ሰዓት ያዛንፋል። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከሆነ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ማኅተሙና የፈራሚው ኃላፊነት ከቀደሙ ደብዳቤዎች ጋር ይነጻጸራል፤ ብዙ ጊዜ የሚያጋልጠው በአንዱ መስመር ላይ ብቻ የተለየ ፎንት ነው።

ፍለጋው ደግሞ በሞክሼ ፊደላት ይሰናከላል። ፀሐይ የምትባል ባለሥልጣን የተናገረችውን ለማግኘት ፀሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሐይና ጸሀይ ብሎ አራት ጊዜ መፈለግ ያስፈልጋል። በአንዱ ብቻ ፈልጎ “አልተባለም” ብሎ ማረም የተለመደ ስህተት ነው።

ሕግና መቋረጥ

የጥላቻ ንግግርና የሐሰት መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የሚሰራጭ የሐሰት መረጃን እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል። መድረኮቹም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ያዛል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የበይነ መረብ ሚዲያን በሕግ ዕውቅና ሰጥቷል።

ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጧል። ከየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. እስከ ሐምሌ ድረስ ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተገድበው ስለነበር አንባቢው ገደቡን በሚያሳልፈው በቪፒኤን ገብቷል።