የእናቴ መቀነት አደናቀፈኝ

ባለፈው ሳምንት የእህቴን ልጅ አጅቤ አንድ የወጣቶች ስልጠና ላይ ተገኝቼ ነበር። አሰልጣኙ ንግግር ያውቅበታል። አዳራሹን ሲያስቅና ሲያስጨበጭብ ዋለ። ታዲያ ወደ መጨረሻው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲህ አለ፦ «እኛን ወደ ኋላ ያስቀረን ምን መሰላችሁ? የእናታችን መቀነት ነው! አባቶቻችን የእናቴ መቀነት አደናቀፈኝ ያሉት ለዚህ ነው። ከእናታችሁ መቀነት ተላቀቁና ሩጡ!» ልጆቹ አጨበጨቡ። የእህቴ ልጅም አጨበጨበች። የኔ እጅ ግን አልታዘዝ አለኝ።

ተረቱ እናትን አይወቅስም። የሚወቅሰው ሰበበኛውን ነው። አንድ ሰው ሰንፎ ወይም ፈርቶ ከቀረ በኋላ የማይረባ ምክንያት ሲደረድር «የእናቴ መቀነት አደናቀፈኝ አትበለን» ይባላል። «ጠለፈኝ» የሚሉም አሉ። ይኼን ሁሉም ያውቃል። እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያመራምረኝ ሌላ ነው። ለምን መቀነት? ለምንስ የእናት? ለማደናቀፍ ድንጋይ ሞልቷል፣ ጉቶ ሞልቷል።

መቀነትን በዓል ሲመጣ ከሀበሻ ቀሚስ ጋር እንደምትታሰር ባለጥለት ጨርቅ ብቻ ለሚያውቃት ሰው ጥያቄው ላይገባው ይችላል። እኔ ያደግሁት ከቢቸና ወጣ ባለ ገጠር፣ አያቴ ጉያ ነው። እምዬ ነበር የምንላት። የእምዬ መቀነት ሲዘረጋ ከጓዳ እስከ ደጃፍ ይደርሳል። ጥጡን ከቆላ ከሚመጡ ነጋዴዎች ትገዛለች። ፍሬውን በመዳመጫ ታወጣለች፤ በደጋን ትነድፈዋለች። ከዚያ ባዘቶውን ይዛ ምድጃው ዳር ትቀመጥና እንዝርቷን ታሾራለች። ክረምቱ ሲወጣ ልቃቂቱ እንቅብ ይሞላል። ሸማኔው ቤት የሚሄደው ያኔ ነው። እንግዲህ ያቺ ሴት ወገቧን የምታስርበትን ነገር ከጥጥ ጀምራ በራሷ እጅ ነው የሠራችው።

ሥራው ደግሞ ብዙ ነው። አራስ ሴት ሆዷና ወገቧ የሚታሰረው በመቀነት ነው። እንስራ የምታዝል ሴት ወገቧ እንዳይቆረጥ በመቀነት ታጥብቀዋለች። ገበያ ስትውል ብሯን ከጫፉ ላይ ትቋጥራለች። የእኔ የደብተር መግዣ የወጣው ከዚያ ቋጠሮ ነው። እምዬ በጥርሷ ፈትታ ስትሰጠኝ ብሩ የገላዋ ሙቀት ነበረው። ጤናዳም ጤናዳም ይሸት ነበር።

አያቴ ባሏ የሞተባት አራት ልጆች ይዛ ነው። እናቴ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። መሬቱ ለእኩል ተሰጠ፤ የሚደርሳቸው እህል ደግሞ ክረምቱን አያሻግርም። እናቴ ስትነግረኝ፣ ማታ ገበታው ሲቀርብ እምዬ ሁሌም አንድ ሥራ ትፈጥራለች። ጓዳ ትገባለች፣ እሳት ትቆሰቁሳለች። ልጆቹ በልተው ሲያበቁ መቀነቷን ትፈታና እንደገና አጥብቃ ትጠመጥመዋለች። «እንደዚያ ስታደርግ ካየን እራቷን እንደማትበላ እናውቅ ነበር» ትላለች እናቴ። ሰው «አንጀቷን አስራ አሳደገችን» ሲል አባባል ይመስለዋል። እናቴ ያን አባባል በዓይኗ አይታዋለች።

ጥጥ በሚፈተልበት ምሽት ተረት አይቀርም። እምዬ አዘውትራ የምትነግረን የአንበሳውን ነበር። ባሏ ፊቱን ያዞረባት ሴት ወደ አንድ አዋቂ ትሄዳለች። «ከሕያው አንበሳ ጎፈር ሦስት ፀጉር ነቅለሽ አምጪልኝ፤ መድኃኒቱን እሠራልሻለሁ» ይላታል። ሴትዮዋ ሥጋ ይዛ ጫካ ትወርዳለች። በመጀመሪያው ቀን ሥጋውን ከሩቅ ጥላ ትሮጣለች። በማግስቱ ትንሽ ቀረብ ትላለች። እንዲህ እንዲህ እያለ አንበሳው ይለምዳታል፤ አንድ ቀን ጎፈሩን እየደባበሰች ሦስቱን ፀጉር ትነቅላለች። አዋቂው ፀጉሩን አይቶ «አንበሳ ያለመደች ሴት አንድ ባል ያቅታታል?» አላት ይባላል።

ሌላው ሰው ይኼን ተረት የሚወደው ለመጨረሻው ቃል ነው። እምዬ ግን የምትቆየው መሀሉ ላይ ነበር። «ጫካ ስትገባ ምን አደረገች?» ትለናለች። እኛም በአንድ ድምፅ «መቀነቷን ጠበቅ!» እንላለን። ይኼ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም፤ የራሷ ጭማሪ ይመስለኛል። ሁለተኛ ቀን ስትሄድም መቀነቷን ጠበቅ። ሦስተኛ ቀንም ጠበቅ። ፈሪ አይደለችም ብላን አታውቅም። ፈርታ ነው የምትሄደው፤ ጉልበቷ እየተብረከረከ።

አሁን ወደ ራሴ ግምት ልግባ። የመቀነቱ ተረት ከየት መጣ ብባል እኔ የምቆጥረው አንድ ቀን አለኝ። ዘጠኝ ወይም አስር ዓመቴ ነው። ሁለት ጎረቤቶቻችን በድንበር ተጣልተው አንደኛው ምንሽሩን ይዞ ከቤቱ ወጣ። ወንዶቹ ሁሉ ማሳ ላይ ናቸው። እምዬ ከደጃፏ ተነስታ ቁልቁል ሮጠች። መንገዱ ላይ ስትደርስ መቀነቷን ፈታ ከዳር እስከ ዳር ዘረጋችው። «በጠባኸው ጡት ይዤሃለሁ! ይኼን ተራምደህ ካለፍህ የእናትህን ማህፀን እንደረገጥህ ቁጠረው!» አለችው። ሰውየው እዚያው ቆመ። ብዙ ቆመ። ከዚያ ጠመንጃውን አዙሮ ተመለሰ። የሀገሩ ሰው ፈራ አላለውም። «የእናት መቀነት ተዘርግቶበት ነው» አሉ፤ በቃ፣ አለቀ።

ለእኔ የተረቱ እናት ይቺ ናት። ጀግናን ሳያዋርድ ሊያስቆመው የሚችል አንድ ነገር ቢኖር የእናት መቀነት ነበር። ስለዚህ ሰነፉ ያንን ክቡር ምክንያት ተዋሰው። ማንም ሳይዘረጋበት «መቀነት አደናቀፈኝ» አለ። ሰውም ሳቀበት፤ ሳቁም ተረት ሆኖ ቀረ።

«ጠለፈኝ» የሚለውም ቃል ይኼን የሚደግፍ ይመስለኛል። በአንድ ቃል ጥልፍ እንጠልፋለን፣ እግር እንጠልፋለን። ልጃገረድ መጥለፍም አለ፤ ይጥፋ። ባለጥልፍ መቀነት የጠለፈው ሰው ማለት አማርኛው ራሱ ቅኔ የገባበት ነው።

ዘመኑን ገምት ብትሉኝ የክተት ዘመን ነው እላለሁ። አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም ለአድዋ ሲያስነግሩ «ወስልተህ የቀረህ ግን ኋላ ትጣላኛለህ፤ አልተውህም» ብለው ነበር። ከአዋጅ በኋላ የቀረ ሰው ሰበብ ያስፈልገዋል። ሴቶቹን ደግሞ አስቧቸው። ስንቅ ተሸክመው፣ ውሃ እያቀበሉ፣ ቁስለኛ እያነሱ ዘምተዋል። እቴጌ ጣይቱ መቀሌ ላይ ጣሊያን የሚጠጣው ውሃ እንዲያዝበት አድርገዋል። እናቱ መቀነቷን ታጥቃ ሰሜን ወርዳለች። ልጇ ቤት ተቀምጦ ያንኑ መቀነት ይከሳል። ተረቱን ሳስበው የሚያምመኝ እዚህ ላይ ነው።

በልብ ወለዱ ዓለም ሰበብ ላልደረደረ ሰው ሰብለ ወንጌል ምሳሌ ትበቃለች። ሀዲስ አለማየሁ በ1958 ዓ.ም ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ሰበብ ብትፈልግ የሞላት እሷ ነበረች። አባቷ ፊታውራሪ፣ ዘሯ ትልቅ፣ ግቢው የታጠረ፣ መንገዱ ሽፍታ ያለበት። «አልቻልኩም» ብትል አንድም ሰው አይፈርድባትም ነበር። እሷ ግን የአባቷን ቤት ጥላ በዛብህን ፍለጋ ወጣች። ሰው ሰብለን የሚያነሳት በውበቷና በእንባዋ ነው። እኔ የማስባት ያን ሌሊት ከግቢው ስትወጣ ነው። መጽሐፉ ስለ መቀነቷ ይበል አይበል ለእኔ ለውጥ የለውም፤ የእምዬ ልጅ ነኝና ጠበቅ ስታደርገው ይታየኛል።

ስለዚህ አሰልጣኙን ወንድሜን አንድ ነገር ልለምነው። ሰነፍን ገስፅ፤ ሰነፍ መገሰፅ አለበት። ግን ተረቱን ገልብጠህ ለልጆች አትስጣቸው። አሁን አሁን ስብሰባ ላይ ያረፈደው፣ ብድር ያልመለሰው፣ ፈተና የወደቀው ሁሉ መቀነቱን እየሳቀ ይጠራል፤ ሰሚውም ይስቃል። እናት እንደ እንቅፋት ስትቆጠር ዝም ብሎ መስማት ይከብደኛል። መቀነት አስሮ ያስቀረው ልጅ የለም። አስሮ ያሳደገው ግን እኔን ጨምሮ ስንት አለ።

የእህቴን ልጅ ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ይኼን ሁሉ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «የእምዬ መቀነት አሁን የት ነው?» አለችኝ። እናቴ ሳጥን ውስጥ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ቋጠሮ እስካሁን አልተፈታም። ቅዳሜ አብረን ልናየው ተቀጣጥረናል።