ካርቶን ሙሉ ዲስክ ይዘው ሐረጎን የወጡት ጋሼ፦ ስለ ፊልም ዲስክ ዋጋ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጋሼ ከኮምቦልቻ ደወሉልኝ። «የፊልም ዲስክ ትገዛለህ አሉኝ፣ እውነት ነው?» አሉ። እውነት ነው። ድሮ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፊልም ማከራያ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል፣ አመሉ ግን አልለቀቀኝም። እስካሁን ቪሲዲ፣ ዲቪዲና ብሉ ሬይ እሰበስባለሁ፣ አንዳንዴም እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ።

ጋሼ ካርቶናቸውን ሚኒባስ ላይ ጭነው የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ መጡ። የብስኩት ካርቶን ነው፣ በሲባጎ የታሰረ። ውስጡ ሰማንያ ምናምን ዲስክ አለ። ግማሹን ሴት ልጃቸው ጅዳ ሠርታ ስትመለስ ያመጣችው ነው፣ ግማሹ የአማርኛ ፊልም ቪሲዲ ነው። የጠሩት ዋጋ 60 ሺህ ብር።

መጀመሪያ ሻይ አዘዝኩ። «ጋሼ፣ ይሄን ዋጋ ማን ነገረዎት?»

«ልጁ በስልክ አየ። አንዱ ብቻ ውጭ አገር 80 ዶላር ይሸጣል አለኝ።»

ስለ ዲስክ ዋጋ የምሰማው ስህተት በሙሉ እዚያ ካርቶን ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል። ስለዚህ እንደወጣ እንደወጣ ልጻፈው።

«የቆየ ዲስክ ውድ ነው»

ዲስክ ቅቤ አይደለም፣ ስለቆየ አይበስልም። ዲቪዲ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ ነው፣ አሜሪካ ደግሞ በ1997። ከዚያ በኋላ ታዋቂ ፊልም ሲሆን በሚሊዮን ነበር የሚታተመው። በሚሊዮን የታተመ ነገር ሃያ ዓመት ቢያልፈውም ያው በሚሊዮን ነው፤ ውጭ አገር የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ውስጥ በአንድና በሁለት ዶላር ሲለመን ይውላል። ዋጋ የሚያወጣው በትንሹ ታትሞ ያለቀ፣ ድጋሚ ያልወጣ፣ የሚፈልገው ሰው ግን ያልጠፋ ነው። እሱም ቢሆን አያስተማምንም። ኩባንያው አንድ ቀን ብድግ ብሎ እንደገና ቢያሳትመው የትናንቱ ብርቅ ዛሬ ተራ ይሆናል።

ልጁ ስልኩ ላይ ያየው 80 ዶላር ደግሞ ሻጭ የጠራው ዋጋ ነው። መጥራት ማንም ይጠራል። ሰኞ ገበያ በግ የሚሸጥ ሰውም መጀመሪያ የሚጠራውን ታውቃላችሁ። መታየት ያለበት ተሽጦ ያለቀው ስንት ወጣ የሚለው ነው። ትልልቆቹ የኢንተርኔት መሸጫዎች ላይ ያለቁትን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ምርጫ አለ። ልጁን አስደውዬ አሳየሁት። ያቺው 80 ዶላር የተባለች ዲቪዲ በ4 ዶላር ተሽጣለች። ጋሼ ሻዩን አስቀመጡት።

«ፊልሙ አንድ ከሆነ ዋጋውም አንድ ነው»

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሰብሳቢ ሥራ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ፊልም አንዴ በተራ ፕላስቲክ መያዣ ብቻውን ይወጣል። ያው ፊልም ሌላ ጊዜ በሁለት ዲስክ፣ ከቡክሌት ጋር፣ ከፖስት ካርድና ከታጣፊ ፖስተር ጋር፣ በካርቶን ማቀፊያ ወይም ስቲልቡክ በሚባለው የብረት መያዣ ይወጣል። ሁለተኛው ዲስክ ላይ ተቆርጠው የቀሩ ትዕይንቶች አሉ፣ ፊልሙ እንዴት እንደተሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ አለ። አንዳንዱ ደግሞ ዳይሬክተሩ ፊልሙን እያየ ከላዩ ላይ የሚያወራበት የድምፅ ምርጫ አለው። ይሄ ልማድ ከዲቪዲ በፊት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ክራይቴሪየን የተባለው አሳታሚ ያኔ በነበረው ትልቁ ሌዘር ዲስክ የድሮውን ኪንግ ኮንግ ሲያወጣ፣ አንድ የፊልም ታሪክ አዋቂ ከፊልሙ እኩል እንዲያወራ አደረገ። ሰው ወደደው። ዲቪዲ ሲመጣ ተጨማሪ ነገር ማስገባት የገበያው ወግ ሆነ።

ታዲያ ሰብሳቢ የሚከፍለው ለዚህ ለተጨማሪው ነው። ፊልሙንማ የትም ያገኘዋል። ቡክሌቷ ከጠፋች ዋጋው ይወርዳል፣ የካርቶን ማቀፊያው ከተቀደደ ይወርዳል፣ ሁለተኛው ዲስክ ከሌለ ደግሞ ባታነሱት ይሻላል። ተጨማሪዎቹ አንዴ ከቀሩ እንደዋዛ አይመለሱም፤ በኋላ በርካሽ የሚወጣው እትም አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ነው የሚመጣው።

የጋሼ ካርቶን ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ሙሉ ዕቃ ነበረ። ሁለቱም ዲስክ ጭረት የለው፣ ቡክሌቷ አለች፣ ማቀፊያው ጥጉ እንኳን አልተነካ። ልቤ መታ። ጀርባው ላይ «ታጣፊ ፖስተር» ይላል፤ ብፈልግ ብፈልግ የለም።

«ጋሼ፣ ከዚህ ጋር ትልቅ ወረቀት አልነበረም? ሥዕል ያለው?»

አሰቡ አሰቡና ሳቁ። «ወላሂ ደብተር ሸፍነንበታል!»

የታናሹ ልጅ የሒሳብ ደብተር። ደብተሩ እስካሁን ቤት አለ፣ በማግስቱ ፎቶ ልከውልኛል። የዋናው ተዋናይ ግንባር ላይ በቢክ «3ኛ ለ» ተብሎ ተጽፏል፣ ጥግ ጥጉ በፕላስተር ተለጥፏል። ምን ይባላል እንግዲህ። እኔም በልጅነቴ ያገኘሁትን የሚያብረቀርቅ ወረቀት ሁሉ ደብተር ሸፍኜበታለሁ።

«ፕላስቲኩ ሳንቲም ነው የሚያወጣው፣ ስለዚህ ዘረፋ ነው»

ፕላስቲኩ ርካሽ መሆኑ እውነት ነው። የዲስክ ዋጋ ግን ድሮም በፕላስቲኩ ተተምኖ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ አንድ የፊልም ቪዲዮ ካሴት 80 ዶላርና ከዚያም በላይ ነበር። ለምን? ገዢው ማከራያ ቤት ነበራ። አንዱን ካሴት መቶ ጊዜ አከራይቶ ገንዘቡን ይመልሳል። ኩባንያዎቹ ለቤተሰብ መሸጥ ሲፈልጉ ያው ካሴት ዋጋው ከግማሽ በታች ወረደ። ካሴቱ አልተቀየረም፣ የገዛው ሰው ነው የተቀየረው። ዛሬ ደግሞ የሚገዛው ጥቂት ሰብሳቢ ነው፤ እትሙ ያነሰ፣ መያዣው ያማረ፣ ዋጋውም ወደ ላይ ነው።

«ታሽጓል፣ ስለዚህ ኦርጅናል ነው»

ላስቲኩን የሚያሽገው ማሽን የትም ይገዛል። አሮጌ ዲስክ ጠርጎ እንደ አዲስ ማሸግ የቆየ ጨዋታ ነው። እኔ ራሴ አንዴ ከሩቅ ከተማ «እሽግ ነው» ተብሎ የተላከልኝን ስከፍተው ውስጡ የተገለበጠ ኮፒ ነበር። ሻጩም ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሳም።

መለየቱ አይከብድም። ዲስኩን ገልብጡትና ከታች ቀለሙን እዩት። ፋብሪካ የታተመ ዲስክ ነጭ ብር ይመስላል፣ መረጃው በሁለት ድርብ የተቀመጠበት ዲቪዲ ደግሞ ወደ ወርቅማ ይሄዳል። ኮምፒውተር ላይ የተጻፈው ወደ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ይመታል፣ ምክንያቱም መረጃው የተቀመጠው ቀለም ላይ ነው። ያ ቀለም ፀሐይና ሙቀት አይወድም። ኮምቦልቻ መስኮት ሥር የተቀመጠ ኮፒ ደሴ ቁም ሳጥን ውስጥ ካለው ቀድሞ ቢሞት አይግረማችሁ። ደሴም ብትሆን ክረምት ላይ እርጥበቷ ቡክሌቱን ያሻግታል፣ የወረቀት ዕቃ ካላችሁ ከግድግዳው አርቁት። ኮፒ ዲስክ ለሰብሳቢ ዋጋ የለውም። መሸጡም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያስጠይቃል።

«ዋናው የሚያበራው ፊት ነው፣ ጽሑፍ ያለበት ምንም አይሆንም»

ለቪሲዲ ተቃራኒው ነው እውነቱ። ዲስኩ 1.2 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። ቪሲዲ ላይ መረጃውን የያዘው ስስ ብረት ያለው ጽሑፉ ሥር ነው፣ ከላዩ የሚጠብቀው ቀለምና ስስ ቅብ ብቻ። የሚያበራው ፊት ላይ ያለ ትንሽ ጭረት ብዙ ጊዜ ይታለፋል፤ በጽሑፉ በኩል ብረቱ ድረስ የዘለቀ ጭረት ግን ፊልሙን ይዞ ይሄዳል። ዲቪዲ ይሻላል፣ መረጃው በሁለት 0.6 ሚሊሜትር ፕላስቲኮች መካከል ነው። ብሉ ሬይ ላይ ደግሞ ከሚያበራው ፊት 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ገባ ብሎ ነው፣ ለዚህ ነው ጠንካራ ቅብ የሚደረግለት።

ለጋሼ አንዱን ቪሲዲ ወደ አምፖሉ አንስቼ አሳየኋቸው። ብርሃን በሰባት ስምንት ቦታ እንደ ወንፊት አለፈ። «ይሄ ነው እንግዲህ የሚቆመው ቦታ» አልኳቸው። ማን እንደበሳው ግን አልነገርኳቸውም። እናንተ ግን ስሙ፦ ብዙውን የበሳነው እኛ ማከራያ ቤቶች ነን። ቁጥር የምንጽፈው ጽሑፉ ላይ፣ በቢክ፣ ተጭነን ነበር።

የጥርስ ሳሙና ያድናል የሚባለውስ? የሚያበራው ፊት ላይ ያለ ትንሽ ጭረት ሊያለሰልስ ይችላል፣ ግን እየፋቀ ነው የሚሠራው፣ ሌላ ጭረትም ይተዋል። ብሉ ሬይ ላይ ከቶ አትሞክሩት። ለስላሳ ጨርቅ ይዛችሁ ከመሐል ወደ ዳር ጥረጉ፣ እያዞራችሁ አይደለም።

«ከውጭ የመጣ ስለሆነ አይሠራም፣ ተበላሽቷል»

ላይበላሽ ይችላል። ዲቪዲ ዓለምን በቁጥር ከፋፍሎ ነው የሚሸጠው። አሜሪካና ካናዳ 1 ናቸው። አውሮፓ፣ ጃፓን፣ ሳዑዲን ጨምሮ መካከለኛው ምሥራቅ 2። እኛ ከአብዛኛው አፍሪካ፣ ከሕንድና ከሩሲያ ጋር 5 ነን። ማጫወቻው ሕጉን የሚያከብር ከሆነ የጅዳውን ዲቪዲ አይቀበልም። ደግነቱ እዚህ የሚሸጠው ርካሽ ማጫወቻ ብዙው ሕግ አያውቅም፣ ሁሉንም ይበላል። ብሉ ሬይ ሦስት ክልል ብቻ ነው ያለው፤ እኛ፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ አንድ ላይ ነን። እ.ኤ.አ. በ2016 የመጣው ባለ 4ኬ ዲስክ (ከተራው ብሉ ሬይ ምስሉ የጠራው) የክልል ቁልፍ የለውም። እግረ መንገዴን፦ ብሉ ሬይ በዲቪዲ ማጫወቻ አይሠራም፣ ጨረሩ ሌላ ነው። ብሉ ሬይ ማጫወቻ ግን ዲቪዲ ያነባል።

«የአውሮፓው እትም ተቆርጧል»

ያው ፊልም የአሜሪካው ዲቪዲ ላይ 125 ደቂቃ፣ የአውሮፓው ላይ 120 ይላል። አምስት ደቂቃ የት ገባ? የትም። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው፣ ፓል በሚባለው የአውሮፓ የቴሌቪዥን አሠራር የተሠራው ዲቪዲ ግን 25 ያሳልፋል። ትንሽ ሮጦ ቀድሞ ይጨርሳል፣ የሰዎቹም ድምፅ በጥቂቱ ይቀጥናል። በዚህ ብቻ ዋጋ የሚያወርድባችሁ ካለ ስሌቱን አሳዩት። የእውነት የተቆረጠም አለ፣ ግን ልዩነቱ ልክ ከሃያ አምስት አንድ ከሆነ ፍጥነቱ ነው።

«ውስጡ ያለው የኮድ ወረቀትም ዋጋ አለው»

ፊልሙን በኢንተርኔትም ለማግኘት የሚያስገቡት ቁጥር ያለበት ወረቀት ማለት ነው። ለእኛ ዋጋ የለውም። ኮዱ ጊዜው ያልፋል፣ ባያልፍም ለተሸጠበት አገር ነው።

«ዲስክ ሞቷል፣ ማን ይገዛዋል»

ተራው ሞቷል፣ እሱን አልክድም። እኛ ጋ ፍላሽ ገደለው፣ ሌላው ዓለም ኢንተርኔት። ኔትፍሊክስ ራሱ ዲቪዲ በፖስታ መላኩን እ.ኤ.አ. መስከረም 29 ቀን 2023 አቁሟል። ግን ኢንተርኔት ላይ ፊልሙን ስታገኙት ብዙ ጊዜ ያለ ተጨማሪዎቹ ነው፣ የዳይሬክተሩ ወሬ የለም፣ የተቆረጠው ትዕይንት የለም። እሱን የሚፈልግ ሰው ዲስክ ይገዛል። ለዚህ ነው ተራው እየወደቀ ሙሉው የማይወድቀው።

የአማርኛ ቪሲዲዎቹ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በውጭ ዋጋ አይተመኑም፣ ተጨማሪ ብሎ ነገርም የላቸውም። አንዱ ፊልም በሁለት ዲስክ የሚወጣው ለማማር አይደለም፣ ቪሲዲ ከ80 ደቂቃ በላይ ስለማይዝ ነው። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ጥሎ አንደኛውን ብቻ ያመጣልኛል። እኔ ግን ኦርጅናል ከሆነ፣ ሽፋኑም ካለ፣ ሁለቱም ዲስክ ካሉ እገዛለሁ። ትርፍ ስለማገኝበት አይደለም። መጀመሪያ ላይ ያሉት ማስታወቂያዎች ብቻ ያስቁኛል።

ከሰማንያዎቹ ስምንት ለየሁና 4 ሺህ ብር አልኳቸው። ደብተር የሸፈነውን ፖስተር ቢያመጡ እጨምራለሁ አልኩ፣ ከነ«3ኛ ለ»ው። ጋሼ ትንሽ ተከራከሩ፣ በመጨረሻ «አብሽር፣ ይሁን» ብለው ተስማሙ።

ብሩን እየቆጠርኩ ነው አንዷን ቪሲዲ ያገላበጥኳት። ጽሑፏ ላይ በቢክ «212» ይላል። ሁለቱ ሁለቶች ጭራቸው የተንዘላዘለ ነው። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው።

«ጋሼ፣ ይቺን የት አገኟት?»

አዩዋት፣ አዩኝ። «ተከራይተን ነበር መሰለኝ… የቅጣቱ ስንት ደረሰ?»